ካሜራው ያላየው ፊት፦ የፋውንዴሽን ቁጥር ታሪክ

ማታ ነው። ስልክ ላይ አንድ የኮስሞቲክስ ቻናል ተከፍቷል። የፋውንዴሽን ጠርሙሶች በተርታ ተደርድረው ፎቶ ተነስተዋል፤ ከሥራቸው ዋጋ፣ ስልክ ቁጥርና «ኦርጅናል ነው፣ ያሉበት እናደርሳለን» የሚል ጽሑፍ አለ። ገዢዋ «ለእኔ የትኛው ቁጥር ይሆናል?» ብላ ትጽፋለች። «ፎቶሽን ላኪልኝ የኔ ቆንጆ» የሚል መልስ ይመጣል። አምፖል ሥር ቆማ ራሷን አንስታ ትልካለች። ደቂቃ ሳይሞላ ፍርዱ ይሰጣል፦ «ጠይም ነሽ፤ ይሄኛው ይሆንሻል»። ብሩ በቴሌብር ይተላለፋል።

በማግስቱ ዕቃው ይደርሳል። ጠርሙሱ ሲያዩት ያምራል። ፊት ላይ ሲቀባ ግን ሌላ ነገር ነው። ግንባር አመድ የነካው ይመስላል፤ ፊትና አንገት የሁለት ሰው ይሆናሉ። ተከፍቷልና አይመለስም። ገዢዋ «እኔ መምረጥ አላውቅበትም» ብላ ራሷን ትወቅሳለች፤ ጠርሙሱም መሳቢያ ውስጥ ከገቡት ከቀደሙት ጋር ይቀላቀላል።

ወቀሳው ያላግባብ ነው። ያቺ ሴት የተሸነፈችው በአንድ ማታ ምርጫ ሳይሆን ከመቶ ዓመት በላይ ባስቆጠረ አሠራር ነው። ቁጥሩን የሰጡት፣ ፎቶውን ያነሳው መሣሪያ፣ ቀለሙን የሰየሙት ሰዎች ሁሉ ሲነሱ በፊታቸው የነበረው ፊት የእሷ አልነበረም። ይህን ታሪክ የሚያውቅ ሰው ራሱን መውቀስ ይተዋል። የተሻለ መግዛትም ይጀምራል።

ከመድረክ መብራት ወደ ፊልም

ፊትን በቀለም ማስዋብ ዱሮም የነበረ ነው። ኩሉም፣ እንሶስላውም፣ ቆዳን ወዝ የሚሰጠው የወይባ ጢስም ፋብሪካ ሳይኖር የነበሩ ናቸው። ነገር ግን ኩል ዓይንን ያጎላል እንጂ የፊትን ቀለም አስመስዬ ልሸፍን አይልም። ወይባም የራስን ቆዳ ያሳምራል እንጂ ሌላ ቆዳ በላዩ አይደርብም። «የፊትሽን ቀለም በቁጥር ንገሪኝ» የሚለው ጥያቄ የመጣው ከመድረክ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1873 የጀርመን የኦፔራ ዘፋኝ የነበረው ሉድቪግ ላይሽነር በበርሊን ለተዋንያን የሚሆን የቅባት ቀለም ማምረት ጀመረ። ቀለሞቹ በቀጫጭን ዱላ መልክ ይሸጡ ነበር፤ እያንዳንዱም ቁጥር ነበረው። ተዋናዩ «5 ቁጥርና 9 ቁጥር» እያለ ቀላቅሎ ይቀባ ነበር። የቁጥሩ ዓላማ ግልጽ ነው፤ የመድረክ መብራት የሚያደበዝዘውን አውሮፓዊ ፊት ከሩቅ እንዲታይ ማድረግ። ቁጥሩ ሲወለድ የሰውን ልጅ ቆዳ ሁሉ ለመለካት አልታሰበም።

ከዚያ ፊልም መጣ። በዛሬዋ ፖላንድ ተወልዶ በ1904 ወደ አሜሪካ የተሰደደው ዊግ ሠሪ ማክስ ፋክተር ሎስ አንጀለስ ሲደርስ የፊልም ሠሪዎቹ ችግር ጠበቀው። የመድረኩ ወፍራም ቅባት በካሜራ ፊት ይሰነጣጠቅና የጭቃ ጭምብል ይመስል ነበር። በ1914 ለፊልም ብቻ የሚሆን ስስ ክሬም ሠራ። ዛሬ ፋውንዴሽን የሚባለው ነገር ዘር ከዚህ ይመዘዛል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማስተዋል ይገባል። የዚያ ዘመን ፊልም ቀይ ቀለምን አያይም ነበር። ቀላ ያለ ጉንጭ በፊልሙ ላይ ጠቁሮ፣ ቀይ ከንፈር ጥቁር ሆኖ ይወጣ ነበር። ስለዚህ የሜካፕ ባለሙያው ሥራ ፊቱን ለሰው ዓይን ማሳመር አልነበረም፤ የካሜራውን ድክመት በፊቱ ላይ ማካካስ ነበር። በ1920ዎቹ መጨረሻ ሁሉንም ቀለም የሚያይ ፊልም ሲስፋፋ ሜካፑም ተቀየረ። ባለቀለም ፊልም ሲመጣ ደግሞ እንደገና ተቀየረ፤ አብረቅራቂው ቅባት በዙሪያው ያለውን ቀለም ሁሉ በፊት ላይ እያንጸባረቀ አስቸገረ። በ1937 በወጣ ባለቀለም ፊልም ላይ የታየውና «ፓንኬክ» የተባለው ደረቅ ሜካፕ መፍትሔ ሆነ። ተዋንያኑ ከቀረጻ ቦታ እየያዙ ወደ ቤታቸው ይወስዱት ነበር ይባላል። በ1938 ለሕዝብ ገበያ ቀረበና እንደ ጉድ ተሸጠ።

እንግዲህ ፋውንዴሽን የካሜራ ልጅ ነው። ካሜራው ምን ማየት ይችላል በሚለው ላይ ተሠራ፤ ካሜራው ፊት የሚቆመው ማን ነው በሚለው ላይ ተቀመመ። የዛሬዋ ገዢ ስልኳን አውጥታ ራሷን ስታነሳ ሳታውቀው ወደዚያው ስቱዲዮ ተመልሳለች።

በአንዲት ሴት ስም የተሠራ፣ ለሌሎች የተቀባ

የሆሊውድ ካሜራ ፊት ጥቁር ሰው ሲቆም ምን ሆነ? የሊና ሆርን ታሪክ መልስ ይሰጣል።

ሊና ሆርን በ1940ዎቹ ከትልቁ የፊልም ኩባንያ ኤም ጂ ኤም ጋር የተፈራረመች ጥቁር አሜሪካዊት ዘፋኝና ተዋናይ ናት። ቆዳዋ ፈካ ያለ ስለነበር የስቱዲዮው ሰዎች በፊልም ላይ ነጭ እንዳትመስል ሰጉ። የማክስ ፋክተር ቤት ለእሷ የሚሆን ጠቆር ያለ ቀለም ቀመመ። ስሙም «ላይት ኢጂፕሺያን» ሆነ፤ ፈካ ያለ ግብጻዊ እንደማለት።

ሆርን ራሷ ስትናገር እንደኖረችው፣ ያ በእሷ ፊት ልክ የተቀመመ ቀለም ብዙም ሳይቆይ የክልስና የጥቁር ሴት ገጸ ባሕርይ ለሚጫወቱ ነጭ ተዋንያን መቀቢያ ሆነ። በ1951 «ሾው ቦት» የተባለው ፊልም ሲሠራ ሆርን የምትመኘው የጁሊ ሚና ነበር። ሚናው ለአቫ ጋርድነር ተሰጠ። ፊቷን ያጠቆሩላትም በዚሁ ቀለም ነው።

ይህ ታሪክ ብዙ ጊዜ እንደ ሆሊውድ ወሬ ይነገራል። ከወሬ ግን ያልፋል። ጠቆር ያለ ቀለም መሥራት እንዳልተቻለ አድርገው የሚያወሩ ኩባንያዎች በኋላ ይመጣሉ። በ1940ዎቹ ግን ተችሏል። የኬሚስትሪ ጥያቄ ሆኖ አያውቅም። ጥያቄው «ለማን ይሠራ?» የሚል ነበር።

በጓሮ በር የሄደው ገበያ

ጥቁር አሜሪካውያን እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። ከባርነት ነፃ ከወጡ ቤተሰቦች የተገኘው ነጋዴ አንቶኒ ኦቨርተን በ1898 ኩባንያውን ሲመሠርት የሚሸጠው የዳቦ መጋገሪያ ዱቄትና የመሳሰለውን ነበር። በኋላ ግን ስሙን ያስጠራው «ሃይ ብራውን» የተባለው የፊት ፓውደሩ ነው። ነጭ ዱቄት ተቀብተው አመድ ለሚመስሉ ጠይም ፊቶች የተሠራ ፓውደር ነበር።

ግማሽ ምዕተ ዓመት አለፈ። በ1958 «ኢቦኒ» መጽሔትን የሚያሳትመው የጆንሰን ቤተሰብ ከከተማ ከተማ የሚዞር የፋሽን ትርዒት ጀመረ። መሪዋ ዩኒስ ጆንሰን ነበረች። ከፓሪስና ከሮም ልብስ ገዝታ ታመጣለች፤ ጥቁር ሞዴሎች ይለብሱታል። ልብሱ ተገኘ፤ ለሞዴሎቹ ፊት የሚሆን ፋውንዴሽን ግን ከሱቅ አልተገኘም። ልጆቹ ከመድረክ ጀርባ ተቀምጠው ከሁለትና ከሦስት ጠርሙስ እየቀነሱ ይቀላቅሉ ነበር።

ጆንሰኖች ያንን ቅልቅል ይዘው ለታላላቅ የሜካፕ ኩባንያዎች «ይህን ሥሩ፣ ገዢ አለው» አሉ። ኩባንያዎቹ ፊት ነሷቸው። በ1973 ራሳቸው «ፋሽን ፌር» የሚባል ምርት አወጡና በትላልቅ መደብሮች ውስጥ መሸጫ ከፈቱ። ከእነሱ ቀደም ብሎ በ1965 ፍሎሪ ሮበርትስ ለጥቁር ሴቶች የሚሆን ሜካፕ ወደ መደብር ማስገባት ጀምራ ነበር።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ለዛሬዋ ገዢም ይሠራል። ከሁለት ጠርሙስ እየቀነሱ መቀላቀል ከመምረጥ ችሎታ ማነስ የመጣ አልነበረም፤ ያልተሠራ ቁጥር በእጅ እየተሠራ ነበር። ዛሬም አንዷ ነጥታ፣ ሌላዋ ጠቁራ የቀረች ሁለት ጠርሙስ መሳቢያ ውስጥ ያላት ሴት ሦስተኛ ከማዘዟ በፊት ሁለቱን እጇ ላይ ብታገናኛቸው የምትፈልገውን ልታገኝ ትችላለች።

ከምሥራቅ አፍሪካ የሄዱ ፊቶች

በ1970ዎቹ አጋማሽ ሶማሊያዊቷ ኢማን ከናይሮቢ ኒው ዮርክ ገባች። ለታላቅ የፋሽን መጽሔት የመጀመሪያዋን ፎቶ ልትነሳ ስትቀመጥ የሜካፕ ባለሙያው የራሷን ፋውንዴሽን ይዛ እንደመጣች ጠየቃት። ጥያቄው ግራ አጋባት፤ አጠገቧ የተቀመጠችው ነጭ ሞዴል እንዲህ ተብላ አልተጠየቀችም። የቀባትን ነገር ስታይ ፊቷ ግራጫ ሆኖ አገኘችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቀለም ያለውን ሁሉ እየገዛች፣ እየቀላቀለችና ራሷን በፎቶ እየፈተነች የራሷን ውህድ አበጀች፤ ይህንንም በየቃለ መጠይቁ ስትናገር ኖራለች። በ1994 በስሟ የሚጠራ የሜካፕ ኩባንያ አቋቋመች።

በ2003 ደግሞ አዲስ አበባ ተወልዳ ያደገችው ሊያ ከበደ የኤስቴ ላውደር ማስታወቂያ ፊት ሆና ተመረጠች። ዜናው ለኢትዮጵያውያን ትልቅ ደስታ ነበር። ከደስታው ሥር ግን አንድ ቁጥር ተቀምጧል፤ ኩባንያው በ57 ዓመት ታሪኩ ጥቁር ሴት ለዚህ ቦታ ሲመርጥ የመጀመሪያው ነበር። ሃምሳ ሰባት ዓመት ሙሉ ማስታወቂያውን እያየች ቀለሟን የምትፈልግ ጠይም ሴት የምታነጻጽርበት ፊት አልነበራትም ማለት ነው።

ጥቁር ጨምሮ ማጥቆር አይቻልም

ስለ ኬሚስትሪው ጥቂት ማወቅ ብዙ ስህተት ያድናል። የአብዛኛው ፋውንዴሽን ቀለም ከአራት ነገሮች ይቀመማል፤ ከነጩ ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ እንዲሁም ከብጫ፣ ከቀይና ከጥቁር የብረት ኦክሳይዶች። ነጩ የመሸፈን አቅም ይሰጣል። ፈካ ላለ ቆዳ ችግር የለበትም። ጠቆር ላለ ቆዳ ግን ነጩን ሳይቀንሱ ጥቁር ቢጨምሩበት ውጤቱ ግራጫ ነው። ኖራና ከሰል ቢቀላቀሉ ቡና ዓይነት ሊሆኑ አይችሉም፤ አመድ ይሆናሉ። «አመድ መሰልኩ» የሚለው እሮሮ ምንጩ ይህ ነው።

ስለዚህ ለጥቁር ቆዳ የሚሆን ቀለም የነጩን ቀለም በማጥቆር አይገኝም፤ ከመነሻው ለብቻው መቀመም አለበት። በሎሬያል የምትሠራው ኬሚስት ባላንዳ አቲስ አልትራማሪን የተባለውን ሰማያዊ ቀለም በመጠቀም ጥልቅና ንጹሕ ጥቁር ቀለማት በመቀመሟ ትታወቃለች። ሰማያዊው ጥልቀት ይሰጣል፤ አመድ አያደርግም። ይህ ዕውቀት ከሰማይ አልወረደም፤ ጊዜና ገንዘብ ተመድቦለት ሲፈለግ ተገኘ።

ቁጥር ሲበዛ፣ ቋንቋ ሲለያይ

በ2017 መስከረም ላይ ዘፋኟ ሪሃና ፌንቲ ቢውቲን ስታስተዋውቅ በአንድ ቀን 40 የፋውንዴሽን ቀለም አወጣች። ጠቆር ያሉት ከመደርደሪያ ቀድመው ሲያልቁ የሚያሳዩ ፎቶዎች ዓለምን ዞሩ። «ገዢ የለም» የሚለው የብዙ ዘመን ምክንያት ወደቀ። ሌሎች ኩባንያዎችም 40 ለመድረስ ይሯሯጡ ገቡ። ምርቱ በመጀመሪያው ቀን በ17 አገሮች ተሸጠ። በይፋ ወደ ስምንት የአፍሪካ አገሮች የገባው ግን በ2022 ነው፤ ከእነዚህ መካከል ጎረቤታችን ኬንያ ስትኖር ኢትዮጵያ የለችም።

ይህ ለኢትዮጵያዊቷ ገዢ ምን ማለት ነው? ቀለሙ በዓለም ላይ አለ፤ እጇ ላይ የምትሞክርበት መደርደሪያ ግን የለም። ዕቃው የሚደርሳት ከዱባይ በሚመጣ ሻንጣ፣ ከአሜሪካ በምትመጣ ዘመድ ወይም በቴሌግራም ቻናል ነው። በዚህ መንገድ 40ው ቀለም ሁሉ አይመጣም፤ ነጋዴው ቶሎ ይሸጣሉ ብሎ የገመታቸው አራት አምስት ቁጥሮች ይመጣሉ። ሻጭም ያለውን ነው የሚመክረው። «ይሄ ይሆንሻል» የሚለው ቃል አንዳንዴ «ያለኝ ይሄ ነው» ማለት ነው።

በዚያ ላይ ቁጥሮቹ አይስማሙም። የአንዱ ኩባንያ 330 ከሌላው 330 ጋር ዝምድና የለውም። ይባስ ብሎ ፊደሎቹም ያሳስታሉ። በካናዳ የተመሠረተው ማክ «ኤንሲ» እና «ኤንደብልዩ» የሚባሉ ሁለት ዘሮች አሉት። «ሲ» ቀዝቃዛ፣ «ደብልዩ» ሞቃት የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል ያመለክታል። ነገር ግን ኤንሲ የተሠራው ወርቃማ ድምቀት ላለው ቆዳ፣ ኤንደብልዩ ደግሞ ወደ ቀይ ለሚያደላው ነው። በሌሎች ብዙ ኩባንያዎች ዘንድ ወርቃማው «ሞቃት» ይባላል። ፊደሉን ብቻ አንብባ ያዘዘች ሴት የተገላቢጦሹ ቢደርሳት ጥፋቱ የእሷ አይደለም።

«ቀይ» ሲባል ምን ማለት ነው?

ግራ መጋባቱ በባዕድ ቋንቋ ብቻ አያበቃም። አማርኛ ስለ ፊት ቀለም የራሱ አነጋገር አለው፦ ቀይ፣ የቀይ ዳማ፣ ጠይም፣ ጥቁር። «ቀይ ናት» ሲባል ቆዳዋ ፈካ ያለ ነው ማለት እንጂ ቀይ ቀለም አላት ማለት አይደለም። ጠርሙሱ ላይ የሚጻፈው «ቀይ» ግን ሌላ ነው፤ ከቆዳው ሥር የሚታየውን ድምቀት፣ የሜካፕ ሰዎች አንደርቶን የሚሉትን ይናገራል።

ሁለቱ ሲምታቱ ስህተት ይወለዳል። በሰፈሯ «ቀይ» የምትባል ሴት ከቆዳዋ ሥር ወርቃማ ልትሆን ትችላለች፤ «ጥቁር» የምትባለው ደግሞ ቀይ ድምቀት ሊኖራት ይችላል። «ጠይም» የሚለው ቃልም ሰፊ ጎጆ ነው፤ ከሥሩ አሥር ዓይነት ቀለም ይኖራል። በአንድ ቤት ያደጉ ሁለት እህትማማቾች ጠይም ተብለው አንድ ጠርሙስ የማይጋሩት ለዚህ ነው።

ከቃሉ የባሰው ግን ቃሉ ውስጥ የተደበቀው ደረጃ ነው። «ቀይ» ሙገሳ ሆኖ «ጠቆር ያለች» ሲባል ድምፅ ዝቅ የሚደረግባቸው ቤቶች ብዙ ናቸው። ይህ ልማድ ወደ ገበያው ገብቷል። «አንድ ቁጥር ቀነስ አድርገሽ ውሰጂ፣ ቀላ ያደርግሻል» የሚል ምክር በሻጭም በጓደኛም አፍ ይሰማል። በሠርግ ፎቶ ላይ ፊቷ ነጥቶ እጇ በራሱ ቀለም የቀረ ሙሽራ የዚህ ምክር ውጤት ናት። የውጭዎቹ ኩባንያዎች ጠይሙን ፊት ሳያዩት ኖሩ ብሎ መውቀስ ተገቢ ነው። ቀለሙ ተሠርቶ ከመጣ በኋላ ግን እያዩት አንድ ቁጥር ዝቅ የሚያደርጉት ሰዎች የቅርብ ሰዎች ናቸው። ወቀሳው እነሱንም ይነካል።

ካሜራው ዛሬስ ያያል?

ብዙዎች አሁን ተስፋ የሚያደርጉት በስልክ ነው። ስልኩን ፊት ላይ አነጣጥሮ ቀለም የሚመርጥ መተግበሪያ ሞልቷል። ሎሬያል በ2018 ሞዲፌስ የተባለውን የካናዳ ኩባንያ የገዛው ለዚህ ሥራ ነው። ሐሳቡ መልካም ነው። ታሪኩን ያነበበ ሰው ግን አንድ ጥያቄ ይጠይቃል፦ መሣሪያው የተማረው በማን ፊት ነው?

ፎቶግራፍ በዚህ ረገድ የቆየ ዕዳ አለበት። ከ1950ዎቹ ጀምሮ ኮዳክ ለፎቶ ማጠቢያ ቤቶች የቀለም ማመሳከሪያ ካርድ ይልክ ነበር። ካርዱ ላይ ያለችው ሴት ነጭ ነበረች፤ በመጀመሪያዋ ሞዴል ስምም «ሸርሊ ካርድ» ተባለ። የሸርሊ ፊት ካማረ ፎቶው ትክክል ነው ተብሎ ይታለፋል። ጥቁርና ነጭ ሰዎች አንድ ላይ ሲነሱ ጥቁሩ ዓይንና ጥርስ ብቻ ሆኖ የሚወጣው በከፊል ለዚህ ነበር። ፊልሙ ቡናማ ቀለምን እንዲለይ ግፊት ካደረጉት መካከል የቸኮሌትና የእንጨት ዕቃ አምራቾች እንደነበሩ ተመዝግቧል። ጠይም ፊት ያልታየበትን ጉድለት ቸኮሌት አሳየው። የተለያየ ቀለም ያላቸውን ሴቶች የያዘ ካርድ የተለመደው በ1990ዎቹ ነው።

የኮምፒዩተር ዘመንም ዕዳውን ወረሰ። በ2018 ጆይ ቡዎላምዊኒና አዲስ አበባ ተወልዳ ያደገችው ትምኒት ገብሩ አንድ ጥናት አወጡ። የሦስት ኩባንያዎች ፕሮግራሞች የፊት ፎቶ አይተው ወንድና ሴት ሲለዩ ምን ያህል ይሳሳታሉ ብለው ፈተኑ። ፈካ ያለ ቆዳ ባላቸው ወንዶች ላይ ስህተቱ ቢበዛ 0.8 በመቶ ነበር። ጠቆር ባሉ ሴቶች ላይ ግን በአንደኛው ፕሮግራም 34.7 በመቶ ደረሰ። ጥናቱ ስለ ፋውንዴሽን አይደለም። ነገር ግን ሴት መሆኗን ከሦስት አንዴ የሚስት መሣሪያ ካለ፣ የቆዳዋን ድምቀት ለይቶ ይነግረኛል ብሎ በደፈናው ማመን አስተዋይነት አይሆንም።

መለኪያዎቹም ቢሆኑ ታሪክ አላቸው። ፊትዝፓትሪክ የተባለው የሃርቫርድ የቆዳ ሐኪም በ1975 የቆዳ ዓይነቶችን ሲመድብ ዓላማው ቆዳ በፀሐይ ምን ያህል ይቃጠላል የሚለውን ማወቅ ነበር። መጀመሪያ ያስቀመጣቸው አራቱ መደቦች ለነጭ ቆዳ ነበሩ፤ ቡናማውና ጥቁሩ ቆዳ በኋላ ሁለት ቦታ ተሰጣቸው። ዛሬ ሰው በየቀኑ በስልኩ የሚልካቸው የእጅና የፊት ኢሞጂ አምስት ቀለሞች በ2015 ሲወጡ መነሻቸው ይኸው ምደባ ነው። በ2022 ጉግል ሶሺዮሎጂስቱ ኤሊስ መንክ ያዘጋጀውን ባለ 10 ደረጃ መለኪያ ይፋ አድርጓል። መሻሻል አለ፤ ግን ገና በጉዞ ላይ ነው።

ታሪኩን የምታውቅ ገዢ

እንግዲህ ይህን ሁሉ የምታውቅ ገዢ በዚያ ማታ ቻናሉን ስትከፍት ምን ታደርጋለች?

አንደኛ፣ በፎቶ አትማመንም። ስልኩ ብርሃኑን በራሱ ያስተካክላል፣ ፊትን ያለሰልሳል፣ ያነጣል። የሻጩ ስክሪን ደግሞ ሌላ ነው። የግድ ፎቶ ከላከች ፊቷን ታጥባ፣ ሜካፕ ሳትቀባ፣ ጧት ወይም ከሰዓት በኋላ መስኮት አጠገብ ፀሐይ በቀጥታ በማይመታት ቦታ ትነሳለች። አጠገቧ ነጭ ወረቀት ትይዛለች። ወረቀቱ በፎቶው ላይ ብጫ ወይም ሰማያዊ ከመሰለ ፊቷም ያንኑ ያህል ተዛብቷል ማለት ነው።

ሁለተኛ፣ ከዜሮ አትጀምርም። ከሁሉ የሚበልጠው መረጃ ቀድሞ የያዘችው ጠርሙስ ነው። የሚስማማት ካለ የኩባንያውን፣ የምርቱንና የቁጥሩን ስም በሙሉ ትጽፋለች። ያልተስማማም ቢሆን ጠቃሚ ነው፤ «ይሄ ነጣብኝ፣ ቀላብኝ፣ አመድ አደረገኝ» ብሎ መናገር «ጠይም ነኝ» ከማለት አሥር እጥፍ ይጠቅማል። ሁለቱንም ቀለም የቀባ፣ የሷን ቀለም የመሰለ ሰው ምስክርነት ከማስታወቂያ ሞዴል ፎቶ ይበልጣል።

ሦስተኛ፣ ጥልቀትንና ድምቀትን ለይታ ትጠይቃለች። መጀመሪያ ምን ያህል ፈካ ወይም ጠቆር ያለ፣ ቀጥሎ ወርቃማ ነው ወይስ ወደ ቀይ ያደላ ወይስ መካከለኛ። ኩባንያው ለፊደሎቹ የሰጠውን ትርጉም ከራሱ ከኩባንያው ገጽ ታነባለች እንጂ በግምት አትፈታም።

አራተኛ፣ ሻጩ መሞከሪያ ካለው ከሙሉ ጠርሙስ በፊት ጥቂት ትጠይቃለች። ሲደርሳት በእጅ አንጓ ላይ ሳይሆን አገጭና አንገት በሚገናኙበት ቦታ ትቀባለች። ወዲያውም አትፈርድም። ብዙ ፋውንዴሽን ሲደርቅና ከቆዳ ወዝ ጋር ሲገናኝ ይጠቁራል፤ ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይታ ወደ ደጅ ብርሃን ወጥታ ታየዋለች። ሲጠፋ ያ ቀለም የእሷ ነው።

አምስተኛውና ትልቁ፣ «አንድ ቁጥር ቀነስ አድርጊ» የሚላትን አትሰማም።

ዩኒስ ጆንሰን ትልልቆቹን ኩባንያዎች ስትለምን፣ ኢማን ጠርሙስ ከጠርሙስ ስትቀላቅል የፈለጉት ሌላ ፊት አልነበረም፤ የራሳቸውን ነው። ያ ቀለም ዛሬ ተቀምሞ፣ ቁጥር ተሰጥቶት በጠርሙስ ተቀምጧል። ስንት ሴት ደክማ ያስገኘችውን ቁጥር አልፎ ከሱ በፊት ያለውን ነጣ ያለ ጠርሙስ ማዘዝ ድካሟን ከንቱ ማድረግ ነው።